ንግሥቲቱን የሚሾማት ማን ነው?



የጣዝማን ማር በስሙ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ሳል ሲጠና፣ ጉሮሮ ሲከረክር፣ ሆድ አልስተካከል ሲል እናቶቻችን ከጓዳ አውጥተው በማንኪያ የሚያቀምሱን፣ ቀጠን ያለና ወደ ጎምዛዛነት የሚያደላ ማር ነው። ዋጋውም ከተራው ማር እጅግ የከበደ ነው። (ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን የጣዝማም ሆነ ሌላ ማር ፈጽሞ ሊሰጥ አይገባም። በማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ ረቂቅ ተሕዋስ ገና ባልጠነከረ የሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ ለብርቱ መመረዝ ይዳርጋልና።) ይሁን እንጂ ማሩን የምናውቀውን ያህል ባለቤቷን ጣዝማን አናውቃትም።

ጣዝማ በአካሏ ከማር ንብ የምታንስ፣ ቤቷን ከመሬት በታች የምትሠራ፣ መናደፍ የማትችል ንብ ናት። ሊቃውንት «ሜሊፖኑላ ቤካሪ» ይሏታል። ማሯን እንደ ማር ንብ በሰም እንጀራ ውስጥ አታኖርም፤ ሰምን ከዛፍ ሙጫ ጋር ለውሳ ጥቃቅን ጋን የመሰሉ ማሰሮዎች ትሠራና በእነርሱ ውስጥ ታጠራቅማለች። እንዲህ መንደፊያቸው ከስሞ ለመናደፍ የማይበቁ ንቦች በዓለም ላይ ከ500 በላይ ዓይነት ሲሆኑ በአፍሪካ፣ በእስያ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች ይኖራሉ። ቤታቸውን የሚጠብቁት ጠጉር ውስጥ እየገቡ በመንከስ፣ ሙጫ በመለጠፍና የበሩን ቀዳዳ በማጥበብ ነው።

በዛሬው ዓምዳችን የእነዚህን ንቦች አንድ አስደናቂ ጉዳይ እናነሣለን። በአንድ ቤት ውስጥ ከአንዲት እናት ሴት ልጆች ይወለዳሉ። እንቁላሉ አንድ ዓይነት ነው። ከእነዚህ መካከል አንዷ ንግሥት ሆና ዕድሜዋን ሙሉ እንቁላል ስትጥል፣ ሌሎቹ ሠራተኛ ሆነው ሲቆፍሩ፣ ሲቀስሙ፣ ሲያጸዱና ሲጠብቁ ይኖራሉ። ለመሆኑ ይህን የሚወስነው ማን ነው? እናቲቱ? ሞግዚቶቹ? ወይስ እጯ ራስዋ?

አስቀድመን ሁላችንም የምናውቃትን የማር ንብ እንመልከት። አባቶቻችን የቀፎውን ገዢ «አውራ» ብለው ይጠሯታል፤ ስሙ የወንድ ነው፣ እርስዋ ግን እናት ናት። ቀፎውን የሚሞሉት ሠራተኞችም ሁሉም ሴቶች ናቸው። 16ኛው የቁርኣን ምዕራፍ በንብ ስም «አን-ነሕል» መባሉን፣ በውስጡም ንቧ በዐረብኛው በሴት አንቀጽ መጠቀሷን ከአንባቢዎቻችን ብዙዎች ያውቃሉ። ወንዱ ንብ፣ ድንጉላ የምንለው፣ ካልዳበረ እንቁላል የሚፈለፈልና ሥራው መዳራት ብቻ የሆነ ነው።

በማር ንብ ዘንድ የሹመቱ ምሥጢር ምግብ ነው። ሠራተኞቹ ከራሳቸው ላይ ካሉ ዕጢዎች የሚያመነጩት ወተት መሰል ምግብ አለ። ሴት እጮች ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያህል ከዚህ ዓይነቱ ምግብ ይቀምሳሉ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ የምትሆነው ምግቧ ተቀንሶ ማርና የአበባ ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ ንግሥት እንድትሆን የተፈለገችው ግን ወደ ታች በተንጠለጠለ ሰፊ ጎጆ ውስጥ ሆና በወተቱ እስክትዋኝ ድረስ ትመገባለች። ንግሥቲቱ እንቁላል በሆነች በ16 ቀን ክንፍ አውጥታ ስትወጣ ሠራተኛዋ 21 ቀን ይፈጅባታል። ንብ አርቢዎችም ይህን ስለሚያውቁ ጨቅላ እጮችን ከሠራተኛ ጎጆ እያነሡ በሰው ሠራሽ የንግሥት ጎጆ ውስጥ በማኖር የፈለጉትን ያህል ንግሥት ያስፈለፍላሉ። ስለዚህ በማር ንብ ቤት ሹመቱ በሞግዚቶቹ እጅ ነው። በየቀኑ እየመጡ ያያሉ፣ ይመግባሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ይጨምራሉ። እጯ የምትለው ነገር የለም።

ወደማይናደፉት ንቦች ስንመጣ ግን ነገሩ ከሥሩ ይለወጣል። በእነርሱ ቤት ሞግዚት የለችም። ስንቁ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል።

ሥነ ሥርዓቱን ማየት በራሱ ያስገርማል። በመጀመሪያ ሠራተኞቹ ጎጆዋን ሠርተው ያጠናቅቃሉ። ንግሥቲቱ መጥታ በጎጆዋ አፍ ላይ ትቆማለች። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ ፈሳሹን ስንቅ ከአፋቸው ይጨምራሉ። በብዙዎቹ ዓይነቶች ዘንድ አንዲት ሠራተኛ የራስዋን እንቁላል ትጥልና ንግሥቲቱ ወዲያው ትበላዋለች፤ ይህ እንቁላል ለመፈልፈል ሳይሆን ለንግሥቲቱ ጉርሻ የተጣለ ነው። ቀጥሎ ንግሥቲቱ የራስዋን እንቁላል በስንቁ ላይ አቁማ ትጥላለች። ትታ ስትሄድ አንዲት ሠራተኛ የጎጆዋን አፍ በሰም ትደፍናለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጯ ተፈልፍላ፣ በልታ፣ አድጋ፣ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ ድረስ፣ ይኸውም ከአንድ ወር በላይ፣ ማንም አያያትም፣ ማንም አያጎርሳትም። የተሰጣትን በልታ መጨረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ በተዘጋ በር ውስጥ ያለችውን እጭ ንግሥት ማድረግ እንዴት ይቻላል?

አብዛኞቹ የማይናደፉ ንቦች መልሳቸው ቀላል ነው፤ ጎጆውን ከመጀመሪያው ሰፊ አድርገው ይሠሩታል። ከእንጀራው ዳር ላይ ከሌሎቹ በጉልህ የሚበልጥ ጎጆ ይታነጽና በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ስንቅ ይሞላበታል። ልብ በሉ፤ እንደ ማር ንብ የተለየ ወተት የለም። ምግቡ ያው የሠራተኞቹ ምግብ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። ብዙ የበላችው ንግሥት ትሆናለች፤ ጥቂት የበላችው ሠራተኛ። እዚህም ሹመቱ ጎጆውን በሠሩትና ስንቁን በለኩት እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ብራዚል ውስጥ የሚገኙና «ፍሪዚዮሜሊታ» የሚባሉ ደቃቃ ንቦች ደግሞ ሰፊ ጎጆ መሥራት አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች እንደገለጹት፣ ንግሥታቸው ስትጠፋ እጭ ከሚገኝበት ጎጆ አጠገብ እንቁላል የሌለበት፣ ስንቅ ብቻ የሞላበት ትንሽ ጎጆ ይሠራሉ። እጯ የራስዋን ስንቅ ስትጨርስ ግድግዳውን ትበሳና የጎረቤቱን ጎተራ ትበላለች። ሠራተኛ ልትሆን የነበረችው በዚህ ሁለተኛ ማዕድ ንግሥት ሆና ትወጣለች። ግድግዳ ካልበሳች ሹመት የለም። እነሆ እዚህ ላይ እጯም ከሹመቱ ድርሻዋን መውሰድ ጀመረች።

ሊቃውንቱን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያከራከረው ግን «ሜሊፖና» የተባለው ወገን ነው። (ከእኛዋ ጣዝማ የሊቃውንት ስም ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ነው፤ ሜሊፖና የሚገኘው በአሜሪካ አህጉር ብቻ ነው።) በሜሊፖና ቤት ሰፊ ጎጆ የለም፣ የሚበሳ ጎተራም የለም። ንግሥቱም፣ ሠራተኛውም፣ ወንዱም የሚወጡት እኩል ከሆኑ ጎጆዎች ነው። እንዲያውም አዲሷ ንግሥት ከሠራተኛዋ በአካል አትበልጥም፤ ራስዋ አነስ ያለ፣ በኋላ እግሯም ላይ የአበባ ዱቄት መሸከሚያ የሌላት በመሆኗ ነው የምትለየው።

ይህን እንቆቅልሽ አንሥቶ የጠየቀው ዋርዊክ ኬር የተባለ ብራዚላዊ የዘር ሐረግ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ተወልዶ በ2018 ያረፈው ኬር በዓለም ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው፤ በ1956 ከአፍሪካ የማር ንብ ንግሥቶችን ወደ ብራዚል ያስገባው እርሱ ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት መንጎቹ አምልጠው በአህጉሩ ሰፊ ክፍል ተስፋፍተዋል። ይህ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻልና እንለፈው። ኬር የሜሊፖናን ጎጆዎች እየከፈተ ሲቆጥር፣ በደንብ የጠገቡ ቤቶች ውስጥ ከአራት ሴቶች አንዷ ንግሥት ሆና የምትወጣ መሆኑን ተመለከተ። ከአራት አንድ! ይህ ቁጥር ለዘር ሐረግ ሊቅ የታወቀ ነው። በ1950 ባሳተመው ጥናት ሐሳቡን ዘርዝሮ አቀረበ።

ሐሳቡን በሳንቲም እናስረዳው። ሁለት ሳንቲሞችን አንድ ላይ ብንወረውር ሁለቱም በአንበሳው ወገን የሚወድቁት በአማካይ ከአራት ጊዜ አንዱን ነው። ኬር እንዳለው ንግሥትነትን የሚወስኑ ሁለት ጥንድ የዘር ቅንጣቶች አሉ። በሁለቱም ጥንዶች ከእናትና ከአባት የተለያየ ቅንጣት የደረሳት ሴት ለንግሥትነት ትታጫለች፤ በአንዱ ጥንድ እንኳ ተመሳሳይ ቅንጣት የደረሳት ሠራተኛ ትሆናለች። ወንዱ ካልዳበረ እንቁላል ስለሚወለድ ቅንጣቱ ነጠላ ነው፤ ጥንድ የለውምና ዕጣው ውስጥ አይገባም። ምግብም ቢሆን ከነገሩ አልወጣም፤ በረኀብ ዘመን ከአራት አንዷ ቀርቶ ከስንት አንዷም ንግሥት ላትሆን ትችላለች። የታጨችው እጭ ካልጠገበች ዕጩነቷ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ታወቀ። በ1975 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በብራዚል በተደረገ ሙከራ፣ ክንፍ ልታወጣ ለተቃረበች የሜሊፖና እጭ የነፍሳትን ዕድገት የሚመራ ሆርሞን ሲቀባላት ሠራተኛ መሆኗ ቀርቶ ንግሥት ሆናለች። በ2010 ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር ተገለጠ። «ጄራኒዮል» የሚባል ሽታ ያለው ንጥረ ነገር አለ፤ በጽጌረዳ ዘይት ውስጥም ይገኛል። ስንቁን የሚሞሉት ሠራተኞች ከንፈራቸው አካባቢ ካለ ዕጢ ይህንኑ ነገር ያመነጫሉ። ተመራማሪዎቹ በሜሊፖና እጮች ምግብ ላይ ጄራኒዮል ሲጨምሩበት ከመካከላቸው ንግሥት የሚሆኑት ወደ ሩብ ከፍ አሉ። እንግዲህ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሞግዚቶቹ በምግቡ ውስጥ መልእክት ማኖር ይችላሉ ማለት ነው።

አንዳንዶች ይህን ይዘው የኬር ሐሳብ ወደቀ ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን አንዱ ሌላውን ፈጽሞ አላፈረሰውም። ዘር፣ ጥጋብና የሞግዚቶቹ መልእክት በአንድ በር የሚገቡ ይመስላሉ፤ በሩም ያ ሆርሞን ነው። ክርክሩ የቀጠለው የትኛው ይበልጥ ይከብዳል በሚለው ላይ ነው።

አሁን ግን አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። አንድ ቤት አንዲት ንግሥት ብቻ ካስፈለገው፣ ከአምስትና ከአራት ሴቶች አንዷን ንግሥት አድርጎ ማውጣት ምን ይረባዋል? ንግሥት አትቀስም፣ አትቆፍርም፣ ሰም አትሠራም። ትበላለች ብቻ። እንዲህ ያለ ብክነት ከምን መጣ?

ቶም ቬንሴለርስ እና ፍራንሲስ ራትኒክስ የተባሉ ሊቃውንት በ2004 የሰጡት መልስ የገጠር ሰው በቀላሉ የሚረዳው ነው። የወል ግጦሽ ያለው መንደር አስቡ። አንድ ሰው አንድ ተጨማሪ ላም ቢያሰማራ ወተቱ የእርሱ ነው፤ የሳሩ ጉዳት ግን ለሁሉ ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ሜዳውም ይራቆታል። የሜሊፖና እጭም እንደዚሁ ናት። ንግሥት ብትሆን የራስዋን ልጆች ትወልዳለች፤ ሠራተኛ ብትሆን የእናቷንና የእህቶቿን ልጆች ስታሳድግ ትኖራለች። ጎጆዋ እኩል ስለሆነ፣ ስንቋም በእጇ ስለሆነ ወደ ንግሥትነት ብታዘነብል የሚከለክላት የለም። ጉዳቱ፣ ይኸውም የሠራተኛ ማነስ፣ የቤቱ ሁሉ ነው። በአንዳንድ የሜሊፖና ዓይነቶች ከሴቶቹ እስከ 20 በመቶ የሚደርሱት ንግሥት ሆነው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። የማር ንቧ እጭ ይህን ማድረግ አትችልም፤ ምግቧን ሌላ ሰው ይለካልና። ብራዚል በሚገኘው «ሽዋርዚያና» በተባለው ንብ ዘንድም ሰፊ የንግሥት ጎጆ እያለ፣ ከሠራተኛ ጎጆ ድንክዬ ንግሥቶች ሾልከው ይወጣሉ።

የትርፎቹ ንግሥቶች መጨረሻ ግን አሳዛኝ ነው። ከጎጆዋ በወጣች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ገና ወደ ዓለም የገባችውን ንግሥት ሠራተኞቹ እህቶቿ ከብበው ነክሰው ይገድሏታል። በተዘጋው በር ውስጥ መወሰን ያልቻሉትን፣ በሩ ሲከፈት ይወስናሉ። ከሞት አምልጠው የሚወጡም አሉ። «ሜሊፖና ስኩቴላሪስ» በተባለው ዓይነት ንግሥት የሞተበትን የባዕድ ቤት ፈልገው፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ ዘበኞቹ በሚሳሱበት ሰዓት ሰርገው ገብተው ዙፋኑን ይይዛሉ። የዚያ ቤት ሠራተኞችም ሳያውቁ የእንግዳ ልጆች ሲያሳድጉ ይኖራሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት ብክነት የመሰለው በሌላው ቤት ንግሥና ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከጣዝማችን ጋር የሚያገናኘው ቁም ነገር አለ። የማር ንብ ስትራባ አሮጊቷ ንግሥት ከመንጋው ጋር ቤቷን ለልጇ ትታ ትወጣለች። በማይናደፉት ንቦች ዘንድ ተቃራኒው ነው፤ የምትወጣው ልጅ ናት። ሠራተኞቹ አስቀድመው አዲስ ቤት ይፈልጋሉ፤ ከእናት ቤት ሰምና ማር እያመላለሱ ያደራጁታል፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲሷ ንግሥት ከፊሉን ሠራተኛ ይዛ የምትገባበት። እናቲቱ መውጣት አትችልም። እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ ይነፋል፣ ክንፏም ያንን ሸክም አያነሣም። ከገባችበት ቤት ሳትወጣ ትሞታለች።

የማር ንብ ቤቷ ሲረበሽ ንግሥቷን ይዛ ብድግ ብላ ትሄዳለች፤ ሌላ ዛፍ ላይ ታርፋለች። ጣዝማ አዳኝ ግን መሬቱን ቆፍሮ ማሩን ሲያወጣ፣ የእጩን እንጀራ በትኖና ጉድጓዱን ክፍት ትቶ ሲሄድ መብረር የማትችለው እናት በዚያው ትቀራለች። ጉንዳን ይገባል፣ ዝናብ ይገባል። ተተኪ ንግሥት ልትሆን የምትችለው እጭም በዚያው በተበተነው እንጀራ ውስጥ ናት። አንድ ብልቃጥ ማር ለማግኘት ቤቱ በሙሉ የሚጠፋው ስለዚህ ነው። የጣዝማ ማር ዋጋው በናረ ቁጥር ቆፋሪው መብዛቱ አይቀርም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ግን የሜክሲኮ ሰዎች ያውቃሉ። በዩካታን የሚኖሩ የማያ ሕዝቦች «ሹናን ካብ» የሚሏትን የሜሊፖና ዓይነት ስፔኖች ወደ አገራቸው ከመግባታቸው በፊት ጀምሮ ያረባሉ። ቀፏቸው የተቦረቦረ ግንድ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በክብ ክዳን ይዘጋሉ። የእጩ እንጀራ ከመሐል፣ የማሩ ማሰሮዎች ወደ ጫፎቹ ስለሚሆኑ፣ አርቢው ክዳኑን ከፍቶ ማሰሮዎቹን ብቻ ያነሣና መልሶ በጭቃ ይመርገዋል። ንግሥቲቱንና እጮቹን አይነካም።

በእኛም አገር ጣዝማን ከጉድጓዷ አውጥቶ በቀፎ ለማኖር የንብ ተመራማሪዎች ሙከራ አድርገዋል። ለመቆፈር የሚነሣ ሰውም ቢሆን ቢያንስ የሚያደርገው ነገር አለ። ማሰሮዎቹንና የእጩን እንጀራ ይለይ። እንጀራውን ሳይገለብጥ፣ በላዩ ካለችው ሆደ ትልቅ እናትና ከሠራተኞቹ ጋር በደረቅ ሣጥን ወይም በቅል ውስጥ ያኑር። እንቁላሉ በፈሳሽ ስንቅ ላይ ቆሞ ስለሚገኝ፣ እንጀራው ከተገለበጠ ሰጥሞ ይሞታልና የላዩ ከላይ እንደሆነ ይቆይ። የፈሰሰ ማር ጉንዳን ስለሚጠራ ይጠረግ። ሣጥኑ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይተውለት፤ የቀድሞ በራቸው ላይ የነበረው ሙጫ ተነሥቶ በአዲሱ ቀዳዳ ዙሪያ ቢለጠፍ ቤታቸውን በሽታው ይለዩታል። ሜዳ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ሲመሽ እስኪገቡ ድረስም ሣጥኑ ከዚያው ከቦታው ባይነሣ ይመረጣል።